አራት መቶ ዘጠና ሰባት

በፈተና መመዝገቢያው ቅጽ ላይ የልጄን ስም ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ አየሁ። በፎቶው ላይ አንዱ ጆሮዋ በሻሽ ተሸፍኖ ስለነበር «ይህንማ ይመልሱታል» ብዬ ሌላ ፎቶ አስነሣኋት። መዝጋቢው መምህር «እትዬ ንግሥቴ፣ ኧረ ወረፋው ረዘመ» እስኪለኝ ድረስ ወረቀቱን አልለቀቅሁለትም። ከዚያ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ላይ ፈረምሁ። ጾታ ከሚለው ፊት አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች። «ወ» ትላለች። እሷን አላየኋትም።

ያየኋት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ልጄ ተፈትና፣ ውጤቷ ወጥቶ፣ በጥቅምት አንድ ሰኞ ቡሬ ውስጥ ስመኘው ሱቅ ቆመን ሳለ።

«አይናለም፣ መቼ ነው ወንድ የሆንሽው?» አለ ስመኘው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

ልጄ አልሳቀችም። እኔ ግን ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ስመኘው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። አይናለም ተስፋው አለበል። ጾታ፦ ወ። አጠቃላይ ውጤት፦ 497። የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ተደገፍሁ።

«ማሽኑን ተይው፣ ይሞቃል» አለኝ ስመኘው።

ስመኘው ሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሁን ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ይሠራል። እኔና እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አንድ ክፍል ውስጥ ነው የጨረስነው። ቡሬ ላይ ግን ስሙ የሚጠራው በማሽኑ ሳይሆን በደብተሩ ነው። ከከተማችን ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ልጅ ሁሉ ስንት እንዳመጣ፣ ምን አንደኛ ምን ሁለተኛ አድርጎ እንደሞላ፣ በመጨረሻ የት እንደደረሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጽፎ አስቀምጧል። ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ ይመጣና «ደብተሩ ምን አለ?» ይላል። ስመኘውም ገጹን ገልጦ የልጁን ዕድል በመቶኛ ይነግራል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ለዚህ ነው የምፈራው።

አይናለም የምትፈልገው አዲስ አበባ ያለውን፣ ከአገሩ ሁሉ ጥቂት ልጆች ብቻ የሚወስደውን የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሌላ ስም አፏ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ስመኘው ደብተሩን ገለጠ። «በደብተሬ መሠረት ከእኛ ከተማ ወደ ሳይንሱ የገባ ወንድ ዝቅተኛው አምስት መቶ ስድስት አለው። ሴት ዝቅተኛዋ አራት መቶ ዘጠና አንድ። አይናለም መሐል ላይ ናት። በሴት ከታየች ሰባ በመቶ። በወንድ ከታየች አሥር፣ እሷንም ለአንቺ ስል ነው።»

«ካልደረሳትስ?» አልሁት።

«እሱ ነው ችግሩ። አንደኛ ምርጫዋ ካለፋት ሁለተኛና ሦስተኛው አንደኛ ብለው በመረጧቸው ልጆች ሞልተው ይጠብቋታል። ከዚያ ወዲያ የተረፈበት ነው የሚጥሏት። አምና የወይዘሮ ሀብትነሽ ልጅ በአራት መቶ ሰባ ጠረፍ አልደረሰውም? ደብረ ማርቆስን አንደኛ ብታደርግ ግን ዘጠና ዘጠኝ በመቶ። በወንድም በሴትም።»

ጠረፍ ሲል ዓይኔ ላይ የመጣውን ለማንም አልነገርሁም። አውቶቡስ አየሁ፣ የተዘጋ መንገድ አየሁ፣ የማይነሣ ስልክ አየሁ። እኔ እንዲህ ነኝ። ልጆቼ ትኩሳት ሲይዛቸው የሐዘን ልብሴ የት እንዳለ አስባለሁ።

«ይስተካከል እንጂ!» አልሁ። «የት ነው የሚስተካከለው?»

«ፍኖተ ሰላም። የዞኑ ትምህርት ቢሮ እዚያ ነው። ግን ምርጫው ዓርብ ሌሊት በስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

«አይስተካከልም» አለች አይናለም።

ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት። እጇን በሹራቧ ኪስ ከትታ ቆማለች።

«ሰኔ ላይ በመግቢያ ካርዴ ላይ አይቼዋለሁ። የተፈተንሁበት ግቢ ጥበቃ ሴትዮም አይታ ስቃ ነው ከሴቶቹ መኝታ ያስገባችኝ። ዝም ያልሁት አውቄ ነው።»

«አውቀሽ?»

«ክፍላችን ውስጥ ሴቶቹን ምን እንደሚሉን ታውቂያለሽ፣ እማ? ‹ቅናሽ›። ልክ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት። ‹ቅናሽ መጣች፣ ለቅናሽ ቦታ ልቀቁ።› እኔ በቅናሽ አልገባም። በወንዱ መስመር ቆሜ ነው የምገባ።»

«ዘጠኝ ነጥብ ያንስሻል!» አለ ስመኘው።

«ደብተርህ ውስጥ የቡሬ ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት መምህር። የአገሩ ሁሉ ልጅ የለም።»

ስመኘው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ደብተሩን የነካበት ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

ማታ ለባሌ ለተስፋው ነገርሁት። ተስፋው ከከተማው ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ ያመርታል። ነገር በቀጥታ አይናገርም።

«የደብረ ማርቆስ መንገድ ቅርብ ነው» አለ። «ስንቅ ይዤ ደርሼ ብመለስ ላሞቹ ሳይታለቡ አያድሩም።»

«እሺ፣ ደብረ ማርቆስ በለኛ!»

«እኔ ስለ ላሞቹ ነው ያወራሁ።»

ማክሰኞ ማለዳ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሳልውል ሳላድር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። በላስቲክ የያዝሁትን ፋይል ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ እጄን አላነሣሁበትም። የክርስትና ወረቀቷ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ፣ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ካርዶቿ፣ የክትባት ካርዷ ሳይቀር አለ። ሌላ ሰው ይስቃል። እኔ ግን አንድ ቀን «ይህች ልጅ አለች ወይ?» የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ነው ያስቀመጥሁት። ይኸው መጣ።

ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ወፈር ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ።

«እኔም ስሜ አይናለም ነው። ሴት ብለው ጽፈውኝ ግን አያውቁም።»

«እርስዎንማ ማን ይሳሳትብዎታል!» አልሁት።

ጎን ጠረጴዛ ላይ ያለችው ጸሐፊ ሳቋን በእጇ አፈነች። ሰውዬውም ሳቀ። ሰው ክፉ አልነበረም። ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ወረቀት አወጣና ፊቴ አስቀመጠው።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

የእኔ ነው።

«ትምህርት ቤቱ ልኳል፣ ወላጅ አረጋግጦ ፈርሟል። እኛ ዝም ብለን አንቀይርም። ልጅቷ ራሷ ትምጣ፤ በእጇ የጻፈችውን ማመልከቻ፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጋር ታምጣ። ያኔ ወደ በላይ አካል እንልካለን። ከዓርብ በፊት ይድረስ አይድረስ ግን ቃል አልገባም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምክሬን ከሰሙኝ ዝቅ ያለ ይሙሉላትና ይረፉ። ነጥቧ ለቅርብ ይበቃታል። ለሴት ልጅ ምን አነሳት?»

ስለ ልጄ እንዲህ ያለ ምክር በግልጽ ሲነገረኝ መጀመሪያዬ ነው። ለራሴ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የምመክረው እሱኑ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አስጠላኝ።

«ይበቃታል አይበቃትም የሚለውን እሷ ታውቃለች» አልሁት። «የእኔ ሥራ ወረቀቷን ማስተካከል ነው። ሐሙስ ይዣት እመጣለሁ።»

እንዴት እንደማመጣት ግን አላወቅሁም።

ቤት ስደርስ አይናለም ጓሮ ሸራ ላይ የተሰጣውን በርበሬ ታገላብጣለች። ነጠላዬን ሳላወርድ ከአጠገቧ ተቀመጥሁና ነጭ የመታውን መልቀም ጀመርሁ።

«ምርጫውን ሞልቻለሁ» አለችኝ ሳታየኝ። «ሳይንሱ አንደኛ። የይለፍ ቃሉን ስመኘው ዘንድ ትቻለሁ፤ መብራት ሲኖር ወረቀቱን አትምልኝ ብዬ።»

«በ‹ወ›?»

«በ‹ወ›።»

መጮኽ ፈልጌ ነበር። ግን በርበሬው አስነጠሰኝ። አስነጥሼ ስጨርስ ጩኸቱ የለም።

«የተዘጋውን ዓመት ታስታውሻለሽ?» አልኋት።

«የትኛውን?»

«ትምህርት ቤቱ ሰባት ወር የተዘጋ ጊዜ። ወንድምሽን ወንዳወቅን ባሕር ዳር እህቴ ካሰች ዘንድ ላክሁት። እዚያ ሲማር ከረመ። ካሰች ‹ሁለቱንም ላኪያቸው፣ አልጋ አለ› ብላኝ ነበር።»

እጇ ቆመ። ይህን አላወቀችም ነበር።

«ቦታ የለም አላለችም?»

«እኔ ነኝ ቦታ የለም ያልሁ። ሴት ናት፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ። አንቺ ያንን ሰባት ወር እዚህ ሸራ ላይ ተቀምጠሽ፣ ማታ ማታ በኩራዝ የድሮ መጽሐፍ ስታነቢ ነው የከረምሽው። ወንዳወቅ ባሕር ዳር ተምሮ ሦስት መቶ አርባ አመጣ። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ አራት መቶ ዘጠና ሰባት።»

 አንድ በርበሬ አንሥታ ጉቶውን ቀነጠሰች፣ ሌላም ደገመች።

«ለወንዳወቅ አልፈራሽለትም?»

«ፈራሁለት። ግን ላክሁት።»

ይህን ስናገር ፊቷን ማየት አልቻልሁም። ሸራውን አየሁ።

«ክፍልሽ ያሉት ልጆች ‹ቅናሽ› ይበሉሽ። ዘጠኝ ነጥብ እኮ ነው፣ አይናለም። በሰባት ወር ዘጠኝ ነጥብ አታመጪም ነበር? ሴት ነሽ ብዬ ያስቀረሁብሽ ነጥብ ነው። ያስቀረሁሽ በሴትነትሽ ነው፣ በሴትነትሽ ይመለስልሽ። ማንም የሚሰጥሽ የለም፣ የራስሽን ነው የምትወስጂ። ወንድ ነኝ ብለሽ ከተመዘንሽ ያ ሰባት ወር እንዳልነበረ ይሆናል። የሚያተርፈው ማን ነው? እኔ ነኝ። ጥፋቴ ይሸፈንልኛል። እኔ ግን እንዲሸፈንልኝ አልፈልግም።»

 ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ በርበሬ በነካ እጅ ዓይን አይጠረግም። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

«እኔን ብትልኪኝ ኖሮ አምስት መቶ ሃያ አመጣ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ወንዱንም ሴቱንም እበልጥ ነበር።»

«አውቃለሁ ብያለሁ።»

«እፈርማለሁ። ግን አንደኛ ምርጫዬን ማንም አይነካም። አባዬም፣ መምህርም፣ አንቺም። ማይልኝ።»

«እግዚአብሔርን!» አልኋት። ስምል ጠረፉና አውቶቡሱ ዓይኔ ላይ መጡ። ግን ማልሁ።

ረቡዕ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አወጣን። ሐሙስ ፍኖተ ሰላም ሄድን። ሰውዬው አይናለምን ከላይ እስከ ታች አየና «እንግዲህ ወንድ አይደለሽም» አለ።

«እርስዎ ካረጋገጡማ በማኅተም ያድርጉልኝ» አለችው።

ጸሐፊዋ አሁንም አፏን ያዘች። ሰውዬው ማመልከቻዋን አነበበ። በእጇ የጻፈችው አጭር ነበር፤ ስሕተቱን፣ የተገኘበትን ቀን፣ የምትጠይቀውን። ልመና የሚባል ቃል የለበትም። ሁለቴ አነበበውና ስልክ አነሣ። ኔትወርኩ ጠፋ። ተመልሶ መጣ። የሚያናግረው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ሄዳችሁ ብሉ» አለን። እኔ ወንበሬን ከለቀቅሁ የሚዘጋ መስሎኝ አልተነሣሁም። አይናለም ዳቦ ገዝታ መጣች፣ ኮሪደሩ ላይ በላን። እኔ በልቤ የእምቢታውን ቃል እያሰላሁ ነበር፤ «አልፏል» ይሉናል፣ «ለከርሞ» ይሉናል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሰውዬው ራሱ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በእጁ ወረቀት ይዟል። አሁን ጾታ ከሚለው ፊት ያለችውን ፊደል አራት ጊዜ አየኋት። ‹ሴ›።

«ዛሬ ባይሳካ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» አላት።

«ነገ እመጣ ነበር።»

«አንደኛ ምን ሞላሽ?»

«ሳይንሱን።»

«ደፋር ነሽ።»

«ነጥቤ ነው» አለችና ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። እኔ ወደኋላ ቀርቼ ስለ እሷ ምስጋናውን አደረስሁ።

ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስመኘው ቤታችን መጣ። በዚህ ሰዓት ሰው ቤት መሄድ ከተወ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አይሄድም፤ ሁሉም በጊዜ ይገባል። ስለዚህ ሳየው ደነገጥሁ። አይናለም ሳምንቱን ሙሉ ያልተኛችውን እንቅልፍ በጊዜ ገብታ ተኝታለች። ተስፋው ደጃፉ ላይ በርጩማ ሰጠው፣ ስመኘው ግን አልተቀመጠም።

«ንግሥቴ፣ ሰምተሻል? ዘንድሮ የሞላው ልጅ ብዙ ነው። ከባሕር ዳር፣ ከደሴ፣ ከሌላውም አገር ያሉ አስተማሪዎች ጋር ስንጻጻፍ ነው የዋልን። ሳይንሱን አንደኛ ያደረጉ ከአምስት መቶ በላይ ያላቸው ሴቶች ብቻ ብዙ ናቸው። እንደገና አሰላሁት። ሰባ አይደለም። አርባ ነው።»

«አርባ» አልሁ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለ። ኔትወርክ አለ። የይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ ነው። እሺ በይኝና ሄጄ ደብረ ማርቆስን አንደኛ ላድርገው። ጠዋት እሷ ትቆጣለች። ከርሞ ግን ታመሰግንሻለች።»

ተስፋው አላየኝም። «የደብረ ማርቆስ መንገድ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

አርባ በመቶ። ያ ማለት ስድሳው የጠረፉ ነው። አየሁት፤ አውቶቡሱን፣ ሻንጣዋን፣ የማይነሣውን ስልክ። አንዲት እሺ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እሺ ማለት ደግሞ እኔ የማውቀው ሥራ ነው። ከዚያው ከስመኘው ጋር በተፈተንን ዓመት ለእኔም ጎንደር ኮሌጅ ደርሶኝ ነበር። «መንገዱ ረዥም ነው» አሉኝ፣ እሺ ብዬ ቀረሁ።

«አይሆንም» አልሁት።

«ምን?»

«አይነካም። እንዳለ ይሂድ።»

ስመኘው በድንጋጤ ሳቀ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትይ? ፈተና ክፍል ገብተሽ ስምሽን ለመጻፍ የምትፈሪዋ ንግሥቴ?»

«አሁንም እፈራለሁ።  ደብተርህ ላይ አርባ ብለህ ጻፍ። እንደደረሳትም እንዳልደረሳትም መጥቼ እነግርሃለሁ፣ ሳልደብቅ።»

«ኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«የምወቅስ ከሆነ እዚሁ ቤት ውስጥ የምወቅሳት ሴት አለችኝ፤ እኔው ነኝ። ሂድ፣ ሳይጨልም ቤትህ ግባ።»

ስመኘው ተስፋውን አየ። ተስፋው መሬቱን አየ። ከዚያ ስመኘው ራሱን እየነቀነቀ መንገዱን ያዘ።

«ካልደረሳትስ?» አለኝ ተስፋው።

«ካልደረሳት በደረሳት ቦታ ትሄዳለች። እኔ እያለቀስሁ ስንቋን እቋጥራለሁ። አንተም ላሞቹን ለጎረቤት ሰጥተህ ትሸኛታለህ።»

«ጠረፍ ድረስ?»

«ጠረፍ ድረስ።»

 ተስፋው በርጩማውን አንሥቶ ገባ። ከሩቅ የስመኘው የእጅ ባትሪ ገና ይታያል፤ ከማዞሪያው አላለፈም። ብጠራው ይሰማል። ብሮጥ እደርስበታለሁ። አፌ ውስጥ ስሙ መጥቶ ነበር። ባትሪው ከማዞሪያው ወዲያ እስኪሰወር ሳልጠብቅ ገባሁና በሩን ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያውን ወረወርሁ፤ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው አዞርሁት።